ግራ ጉንጩ

«ሳቂልኝ በማለዳ…» እያለ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስንኝ ጠፍቶበታል። ላም አላቢው ያጣው ስንኙን ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱ አብጧል፣ ልቡ አንዳንዴ ምት ትዘላለች፣ ግራ ፊቱም እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ «ከመዥገር የመጣ ነው» ብሎታል።

«ስንቷን ከላም ጡት ነቅዬ በጥፍሬ ፈጨሁ! አንዷ የሁሉንም ደም መለሰች» ይላል። ሲስቅ የሚስቀው ቀኙ ብቻ ነው። መድኃኒቱ አልቋል፤ ፊቱ ግን አልተመለሰም።

ከታመመ ወዲህ ሰው ፊት በልቶ አያውቅም። ገበታ ሲቀርብ ባልዲ ያጥባል፣ በረት ይጠርጋል።

ዛሬ ልጁ «አባዬ፣ ብቻዬን ስበላ ሆዴ ይባባል» አለችው። አንጀቱን በላችው።

ግራ ጉንጩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ማንኪያ ሾርባ በከንፈሩ ዳር ወርዶ አገጩን አራሰው። ልጁ አየች፤ ወዲያው አቀርቅራ ከገዛ ሳህኗ ውስጥ የሌለ አጥንት ትፈልግ ጀመር።