የነቀልኳቸው ትንንሾች

ሰሞኑን ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር የጎመን ችግኝ የምትሸጥ ሴት የቀጨጩትን እየመረጠች ወደ ቦይ ስትጥል አየሁና፣ የታክሲ ተራዬን ትቼ ቆሜ ቀረሁ። "እናቴ፣ ስንት ልቁጠርልዎት?" አለችኝ። ምን ልበላት? በሃያ ሦስት ዓመቴ የሠራሁት ጉድ ትዝ ብሎኝ ነው አይባል።

አባቴ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ጎመን ይተክል ነበር። ቀጫጫው ካልተነቀለ ጠንካራው አይፋፋም እያለ ጣቴን መንቀል ያስለመደው እሱ ነው። ለማስተርስ ጥናት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያ ጣት አብሮኝ ገባ። እኔ ደግሞ ማረፍ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ዘር እስኪበቅል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለኔ እስር ቤት ነበር።

አማካሪዬ ዶክተር ሰናይት ግን የረጉ ሴት ነበሩ። ከውጭ የተላከላቸውን፣ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ ተክል ዘር ሰጡኝ፤ ከአሸዋ የደቀቀ ነው።

"ዲኤንኤ በሕዋስ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው" አሉኝ። "እንዲነበብ ጥቅሉን የሚያላሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ ዘሮች ሩብ ያህሉ ከፕሮቲኖቹ አንዱ የላቸውም። ያለሱ እድገቱ ምን እንደሚሆን አልነግርሽም፤ አይተሽ አንቺ ንገሪኝ። ዓይንሽን አምኛለሁ።"

ነሐሴ ነበር። ከሾላ ገበያ ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ይዤ፣ ጫማ በሚነጥቅ ጭቃ ውስጥ እየተንቦራጨቅኩ በየቀኑ ችግኝ ቤቱ እሄዳለሁ። ዘሩን ትሪ ላይ ከዘራሁ በሦስተኛው ሳምንት አንዳንዶቹ ድንክ ሆነው፣ ቅጠላቸው ተጣሞ ቀሩ። "ውይ፣ ሲያሳዝኑ!" አልኩና በወረንጦ ለቅሜ ነቀልኳቸው፤ ከቆሻሻው ጋር ተቃጠሉ። ትሪው እንዴት አማረ! ኮራሁ።

ዶክተር መጥተው አጎንብሰው ብዙ አዩ። "ትርሲት፣ ትንንሾች አልወጡም?"

ክው አልኩ። ፕሮቲኑ የጎደላቸው፣ የምንፈልጋቸውም እነሱ ኖረዋል! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልተረፈኝም። ምርቃቴ ገደል ሲገባ ታየኝ። "አይ፣ ሁሉም እኩል ነው የበቀሉት" ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸውን መጠርጠር ጀመሩ። "ዘሩን ሳስቀምጠው ሞቆት ይሆን? ፓኬቱ ተሳስቶብኝ ይሆን?" እያሉ ማስታወሻቸውን ያገላብጣሉ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ከመገናኛ ጀምሮ ታክሲ እየተውኩ በዝናብ እኳትናለሁ። በአሥረኛው ቀን፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ዘሩን ለላከላቸው ሰው የጻፉትን ደብዳቤ "እስቲ እዪልኝ" ብለው ሰጡኝ። ማንበብ አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ የነቀልኳቸው" አልኩና አለቀስኩ።

አልጮሁብኝም። "መንቀልሽስ ባለማወቅ ነው" አሉ። "ግን አሥር ቀን ሙሉ ራሴን ስጠረጥር እያየሽ?"

በቀረው ዘር እንደገና ዘራን። ድንኮቹ ወጡ፤ የሚያብቡበት ጊዜ እንኳ ከሌሎቹ ተለየ። አንድ ዓመት ዘግይቼም ቢሆን ተመረቅኩ። ችግኞቹን እኔ ከቆጠርኩ በኋላ ግን ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው እንደገና ይቆጥሩ ነበር።

አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ሲያጠፋ እቆጣለሁ፣ ወዲያው ይበርድልኛል። ለችግኙ ሌላ ዘር ነበረን፤ በዝምታዬ ያጠፋሁትን እምነት ግን በምን እተካዋለሁ? ለበዓል ስደውልላቸው ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ይቅር ብለውኛል፣ አውቃለሁ። ብቻ የሆነ ነገር፣ ዘንድሮ ገብሱ አምሯል እንኳ ስላቸው፣ "እርግጠኛ ነሽ?" ይሉኛል። ቀልዳቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለመጠየቅም እስካሁን አልደፈርኩም።