ልጄ ያቀለለችልኝ ስልክ

ቆላ ድባ እህል ስነግድ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ልጄ «ብቻዎን አይኖሩም» ብላ ዓባይ ማዶ ቤቷ አመጣችኝ። እሷና ባሏ ሥራ ሲሄዱ እኔ ግቢ እውላለሁ። ባጃጅ ይገጭዎታል ብለው ብቻዬን አያስወጡኝም።

ስልኬ ግን ያጫውተኝ ነበር። በተለይ በገበያ ቀን አንድ የድሮ ወዳጄ፣ እሱም እህል ነጋዴ ነው፣ ይደውልና ጤፉ እንዴት እንደዋለ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ይነግረኛል። ቁጥር መዝግቤ አላውቅም፤ ሰዎቼ ይደውላሉ፣ እኔ በድምፅ እለያቸዋለሁ።

አንድ ቀን አጭበርባሪ ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል» አለኝ። የሚስጥር ቁጥሬን ልነግረው ስል ልጄ ደረሰች። ስልኬን ተቀብላ ስትነካካ አመሸችና፣ «አባባ፣ ቀለል አድርጌልዎታለሁ፤ ከእንግዲህ የማያውቁት ሰው አይረብሽዎትም» አለችኝ። ስከፍተው አራት ፎቶ ብቻ አለበት፦ ልጄ፣ ባሏ፣ ጎንደር ያለው ወንድ ልጄ እና ሐኪሜ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ወደድሁት።

የገበያ ቀን መጣ፤ ስልኩ ዝም አለ። በሚቀጥለውም ዝም። ልደውል ብል ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሐኪሙን ደግሞ ሳልታመም ምን እለዋለሁ? ወዳጄ ረስቶኛል ብዬ ሆድ ባሰኝ። ይህን ለልጅ መናገር ያሳፍራል፤ ዋጥ አደረግሁት። እሑድ ጣና ዳር ሲወስዱኝ እንኳ ሐይቁን ትቼ ስልኩን ሳይ ዋልሁ። በቁሜ የታፈንሁ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ወዳጄ ነጠላውን ለለቅሶ ዘቅዝቆ ቆሟል። ሲያየኝ ወደ ኋላው ሸሸት አለ፤ ከዚያ የበሩን ብረት ይዞ አለቀሰ።

«አንት ሰው፣ ሞተሃል ብዬ እኮ ነው የመጣሁ! በደወልሁ ቁጥር ያች የስልኳ ሴትዮ ሊገኙ አይችሉም ትለኛለች። ቀብሩ አመለጠኝ እያልሁ መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ መጣሁ!»

አንገቱን አቅፌ እኔም አለቀስሁ።

ማታ ልጄ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ለካ ከአራቱ በቀር ማንም እንዳይደውልልኝ ዘግታው ኖሯል። ወዲያው አብሮኝ የዋለውን ወዳጄን ፎቶ አነሳችና አምስተኛ አድርጋ አስገባችው።

«ለሁሉም ክፈችው» አልኋት።

«ሌቦቹ ይመለሳሉ አባባ። ይልቅ ሌላ ማንን ልጨምርልዎ?»

የንስሐ አባቴን አሰብሁ፤ ባለወፍጮውን፣ የድሮ ጎረቤቴን። ድምፃቸውን እንጂ ቁጥራቸውን አላውቅም።

«ግድ የለም» አልኋት። «ለቅሶዬ ሲመጡ ቁጥራቸውን እንጠይቃቸዋለን።»