ዐዋጢፍ ራሷ ትመልስ

ዐዋጢፍ የተወለደችው የጀርባዋ አጥንት ሳይዘጋ ነው። ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። በሕፃንነቷ አዲስ አበባ ወስደው በቀዶ ጥገና ቢዘጉላትም ከጉልበቷ በታች ስሜት የላትም፤ የምትሄደውም በክራንች ነው። ሽንቷ በራሱ ስለማይወጣ በየአራት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ይቀዳላታል። ይህን ስትሠራ የኖረችው እናቷ ዐፊፋ ናት።

አሶሳ የክልል ዋና ከተማ በሆነች በሁለተኛው ዓመት እዚያው አንድ ቢሮ የታይፒስት ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ፈተናው ከመንፈቅ በኋላ ነበር። ዐዋጢፍ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ታይፕም ተምራለች።

"ልወዳደር ነው" አለች።

"ቀኑን ሙሉ ማን ይቀዳልሻል?" አለች እናቷ።

ክርክሩን ይዘው ከጎጃም ተመድባ ወደመጣችው ነርስ፣ ወደ ሲስተር ዘመናይ ሄዱ። ሲስተር ሃያ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አወጣች።

"እግሯ መቁሰል አለመቁሰሉን በየቀኑ የሚያየው ማነው?"

"እኔ" አለች ዐፊፋ።

"ቱቦውንስ የሚያጥበው?"

"እኔ ነው። ሁሉ እኔ ነው የሚሠራ።"

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እማማ፣ ዐዋጢፍ ራሷ ትመልስ።"

ዐዋጢፍ መለሰች፤ ራሷ የምትሠራው ከሃያው አራቱን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

"ወረቀቱ የሚጠይቀው የምትሠሪውን ነው" አለቻት ሲስተር። "የምትችይውንማ ገና ማን አየው?"

በማግስቱ ዐዋጢፍ ሽንቷን ራሷ ልትቀዳ መስታወትና ቱቦ ይዛ በሯን ዘጋች። ቀሚሷ ራሰ፣ አለቀሰችም። እናቷ ከውጭ "ልግባ?" ስትላት "አትግቢ!" አለቻት። በአሥረኛው ቀን ተሳካላት። ግን በዚሁ ኩራት እግሯን ማየት ረሳች፤ የጫማዋ ሚስማር ሳይሰማት ወግቷት ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛች። ከዚያ ወዲህ ውስጥ እግሯን ሳታይ አልተኛችም።

ከአራት ወር በኋላ እንደገና ተጠየቀች። አሥራ ሰባት። ካልቻለቻቸው ሦስቱ አንዱ፣ ከቤት ውጭ ሽንት ቤት መጠቀም የሚለው ነበር።

"የቢሮውን ሄጄ አይቼዋለሁ" አለች። "የሚያዳልጥ ደረጃ አለው፤ በሩም መቀርቀሪያ የለውም። እና ጉድለቱ የእኔ ነው ወይስ የእሱ?"

ሲስተር ይህንንም ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈችው።

የፈተናው ቀን ዐዋጢፍ ፈተናውን ጨርሳ ሌላ ወረቀት ታይፕ አደረገችና ለቢሮው ኃላፊ ለአቶ ሙርሳል ሰጠችው። አነበበው።

"ገና ሳትቀጠሪ ሽንት ቤት ይስተካከልልኝ ትያለሽ?"

"ተቀጥሬ ከወደቅኩ በኋላ ከምጠይቅ ብዬ ነው።"

አቶ ሙርሳል ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ፈተናውን ግን አልፋ ተቀጠረች። ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ላይ መጋረጃ ጋርዳ ሽንቷን ስትቀዳ ቆየች፤ በየሳምንቱ ሰኞም ያንኑ ማመልከቻ ቀኑን እየቀየረች ታስገባ ነበር። በዘጠነኛው ሰኞ አናጢ መጣ።

ዐፊፋ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እኩለ ቀን መጥታ ቢሮው በር ላይ ካለው ማንጎ ሥር ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ቀረች። ዐዋጢፍ ደንግጣ ቤት ስትደርስ እናቷ የራሷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘቻት።

"ኩርሙክ እኅቴ ጋ ልሄድ ነው" አለች ዐፊፋ። "አንቺ ከተወለድሽ ሄጄ አላውቅም።"