ሰው የሌለበት ሪፖርት

ቢሮ ውስጥ «ጋሽ ተከሰተ» ነበር የምንለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ይሄን ያወጣንለት እኛ ነን። እሱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሪፖርት ጸሐፊ፣ እኔ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጬ የጻፈውን የምተይብ ነበርን። ክር ሲበጠስ፣ ቀለም ሲበላሽ፣ ሰው ሲጎዳ የሚጽፈው እሱ ነው፤ በጻፈው ውስጥ ግን ማንም ምንም አድርጎ አያውቅም። ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ይከሰታል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሪፖርት ሞክሪ ብሎኝ «ጥበቃው የመጋዘኑን በር ሳይዘጋ ሄደ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና «የመጋዘኑ በር ሳይዘጋ ተገኘ» ብሎ አረመው።

«ጥበቃውስ የት ገባ?» አልኩት።

«ሰው አትጻፊ፣ ልጄ። ሰው ከጻፍሽ ሰው ይጣላሻል። ነገሩን ብቻ ጻፊ።»

ልማዱ ንግግሩ ላይም ተጣብቶበት ነበር። አንዴ ትኩስ ሻይ የተየብኩት ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ እጁ ገና ብርጭቆው ላይ እንዳለ «ሻይ ተደፋ» አለኝ። «ማን ደፋው ጋሼ?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እንዲህ ያለ ሰው ደሜን ያፈላዋል፤ እሱን ግን እወደው ስለነበር እየሳቅሁ እንደገና ተየብኩት።

ቢሮአችን የማሽኑን አዳራሽ የሚያሳይ ሰፊ መስታወት አለው። ጋሼ የሚቀመጠው ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ነው። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል ይላል፤ ውሸቱን ነው። ለምሳ ማሽኖቹ ቆመው አዳራሹ ጭር ሲል ትከሻው ሲኮማተር አየዋለሁ። አንድ ቀን ዳቦዬን እየገመጥኩ ሳለ «እስቲ እይልኝ፣ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጋ የቆመ ሰው አለ?» አለኝ። አየሁ፤ ማንም የለም። «ፊት የለውም» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ። ዳቦዬን መልሼ ጠቀለልኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም በምሳ ሰዓት ወደዚያ ማየት ተውኩ።

ነገሩ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የሆነ ነው። ከቀለም የወጣውን ጨርቅ በሁለት ሮለር መሀል የሚጨምቅ ማሽን አለን። መካኒኩ ሊጠግነው ሲገባ ኃይሉን ያጠፋል፣ ኮፍያውንም የሳጥኑ እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ቁልፍም ማስጠንቀቂያም አልነበረንም፤ ኮፍያ ተንጠልጥሎ ካየህ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው፣ አትነካም። በዚያ ቀን ግን መካኒኩ ውስጥ እያለ ማሽኑ ተነሳ፤ በሕይወት አላወጡትም። ጋሼ «በጥገና ላይ ሳለ ኃይል ተለቋል። ኮፍያው የግድግዳው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። አንዱም ቃል ሐሰት አይደለም። ያነበበ ሁሉ ግን መካኒኩ ኮፍያውን ሳያንጠለጥል ገብቶ ራሱን አስፈጀ አለ፤ ፋብሪካው በሙሉ ሟቹን «ቸልተኛው» እያለ ይጠራው ጀመር።

ዘንድሮ የሟቹ ልጅ መካኒክ ሆና እኛው ጋ ተቀጠረች። አብሯት ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው ጠፋ። «የአባቷ ልጅ ናት፣ ታስጨርሰናለች» አሉ። አለቃው የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ ሊያሰናብታት እንዳሰበ ሁላችንም ሰማን። እሷም ሰማች መሰለኝ፣ እጇን ከማሽኑ ግራሶ እንኳ ሳትጠርግ ቢሯችን መጣች።

«ጋሼ፣ ኃይሉን ማን ነው የለቀቀው?»

«ሪፖርቱ ተለቋል ነው እኮ የሚለው፣ ልጄ።»

«የሚለውንማ አንብቤዋለሁ። አባቴ ቤት ውስጥ አምፖል ሲቀይር እንኳ ኮፍያውን ቆጣሪው ላይ ያንጠለጥል ነበር። ማን አነሳው?»

ጋሼ ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ ሄደች።

ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ታናሽ ወንድሜ ነው» አለኝ። «የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ያለፈው ፈረቃ መካኒክ ኮፍያውን ረስቶት የሄደ መሰለው። አንስቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለውና እጀታውን ገፋው። በዚህ መስታወት አይቼዋለሁ።» ወንድሙን እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው፤ ዛሬም አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። «ከጽሑፉ አወጣሁት። ቦታው ባዶ ቀረ። ሳጥኑ ጋ የሚቆመው ያ ባዶ ነው።»

ማጽናናት አልችልበትም። «እንግዲያው ጻፈዋ» አልኩት።

ጻፈ። «መካኒኩ ኃይሉን አጠፋ፣ ኮፍያውንም አንጠለጠለ። የፈረቃ ኃላፊው ወንድሜ ኮፍያውን አነሳ፣ ውስጥ ሰው መኖሩን ሳያጣራ ኃይሉን ለቀቀ። እኔ አየሁ፤ ደበቅሁ።» እንዲህ አጭር ነገር ጽፎልኝ አያውቅም። አንድ ቃል ሳልለውጥ ተየብኩት። ስጨርስ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረ።

«አለ?» አልኩት።

«አለ። የወንድሜን ፊት አያለሁ ብዬ ነበር። የራሴን ነው።»

ብቻዬን በአዳራሹ አላልፍም ብሎ ስለለመነኝ እስከ ቤቱ ሸኘሁት። ወንድሙ ኩሽና ቆሞ ድንች ይልጣል። ወረቀቱን አነበበና ቢላዋውን አስቀመጠ።

«እንዳየኸኝ ያን ጊዜውኑ ገብቶኝ ነበር» አለ። «ሪፖርትህን ሳነብ።»

«ላድንህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እራት በቀረብን ቁጥር ዛሬ ይጠይቀኛል ስል ኖርኩ። ምን ሆነህ ነው ብትለኝ እኮ እናገር ነበር። አንተ ጨው አቀብለኝ ነው የምትለኝ።»

ጋሼ ድንቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ወንድሙ እጁን ሊጭንበት ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ በላይ እዚያ መቆም አልቻልኩም፤ በር ላይ ወጥቼ ጠበቅሁ።

በማግስቱ ፈረቃ ሲቀያየር ወንድምየው ሠራተኛው ፊት ቆሞ ያደረገውን በገዛ አፉ ተናገረ። አለቃው ወረቀቱን ተቀብሎ «ጉዳዩ ይታያል» አለ፤ ማን እንደሚያየው ግን አልነገረንም። አንድ አንጋፋ መካኒክ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ «ነገ ማሽኑን አብረን እንከፍታለን» አላት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ፊቷ አልፈታም።

«እናቴ አምና ሞታለች» አለችው ወንድምየውን። «በቸልተኝነቱ ልጆቼን ያለ አባት አስቀረ እያለች ኖራ፣ ከእሱ ጎን እንዳትቀብሩኝ ብላ ሞተች። እኔን ይቅርታ አትጠይቁኝ። ለእሷ ንገሯት።»

አራታችንም ሄድን። አባቷ ከመቃብሩ ግቢ በር አጠገብ ነው ያረፈው፤ እናቷ ግን ጥግ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር። ወንድምየው ጆሮው የማይሰማ ሰው እንደሚያናግር ወደ እናቷ መቃብር ድንጋይ ጎንበስ አለ።

«ባለቤትሽ ኃይሉን አጥፍቶ ነበር። ኮፍያውንም አንጠልጥሎ ነበር። ኮፍያውን አንስቼ ኃይሉን የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም አይቼ ደበቅሁ» አለ ጋሼ።

ልጅቷ ተንበረከከች። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«እማዬ፣ ሰማሽ?» አለች።

መልስ የሚመጣ ይመስል ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።