የአያ በላቸው አራት ትልም

አያ በላቸው በጾም የሚታማ ሰው አልነበረም። በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ እንደሱ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ የሚበላ አይገኝም፤ ኮላ ድባ ወርዶ ሰዎች በጾም ዓሣ ሲበሉ ያየ ጊዜማ ሳምንት ሙሉ ሲያማቸው ከረመ። ሐሜት ከዓሣ ይሻል እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ጉድለቱ ማረሻው ላይ ነበር። ከጎረቤቱ ከየትነበርሽ ማሳ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹ ወደ እሷ በኩል ትንሽ ያጋድላሉ፤ እሱም አይመልሳቸውም። በየዓመቱ አንድ ትልም፣ በአራት ዓመት አራት ትልም ገባ። የወሰኑ ድንጋይም አብሮ ተራመደ።

የትነበርሽ ባሏ የሞተባት፣ ግን አፏም ጉልበቷም የማያንስ ሴት ናት። ነገሩ ገብቷት ማኅበር ላይ ስትጮህ፣ ተነሥታ የመለሰችላት የአያ በላቸው ሚስት አማረች ነበረች። «ጊዮርጊስን! ባሌ የሰው አፈር አይነካም» ብላ በማኅበርተኛው ፊት ማለች። አማረች መዋሸት አታውቅም፤ ባሏን የምታውቀው መስሏት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች፣ ያውም አበልጆች፣ ሰላምታ አቋረጡ።

አማረች ከባሏ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብረው እንዲቆርቡ። እሱ አንዴ አዝመራውን፣ አንዴ ጉልበቱን እያመካኘ አሥር ዓመት አቆያት። የሚቆርብ ሰው ጠባዩን መለወጥ እንዳለበት ያውቃል፤ ለመለወጥ ደግሞ ጊዜ አላገኘም።

የዘንድሮው ስቅለት ግን ያዘው። ሲሰግድ ግንባሩ አፈር በነካ ቁጥር የሚታየው ያው አራት ትልም ሆነ። ሦስት መቶውን ሲያልፍ ፊቱ ረጠበ። ላብ ነው ብሎ በነጠላው ጠረገው፤ እንባ ነበር። ሰውየው ከልቡ አፍሮ ነበር። ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባውን እየመቱ ኃጢአት ሲጠይቁ፣ ለንስሐ አባቱ ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ በጆሯቸው ነገራቸው። መምሬም መሬቱን ይመልስ፣ ባለቤቲቱንም ይቅርታ ይጠይቅ፣ ከዚያ ለጰራቅሊጦስ ከአማረች ጋር ይቆርባል አሉት።

አያ በላቸው የትእዛዙን ግማሽ ወደደው። መመለስ ቀላል ነው። ይቅርታ መጠየቅ ግን አማረችን በሰው ፊት ሐሰተኛ ማድረግ ሆነበት። ስለዚህ የትነበርሽ ገበያ የወጣች ቀን ድንጋዮቹን አራት ትልም ወደ ኋላ እያንከባለለ መለሰና እያንጎራጎረ ቤቱ ገባ። እግዜር ካየ ሰው ባያይስ ምን ቸገረ አለ በሆዱ።

የትነበርሽ ማሳዋ ሰፍቶ ብታገኘው ደነገጠች እንጂ አልተደሰተችም። ይሄ ሰው ያሰበው ተንኮል አለ፤ እኔ ሳርሰው የመሬት ደብተሩን ይዞ ቀበሌ ሄዶ ገፋችኝ ሊል ነው አለች። ድንጋዮቹን በስልኳ ፎቶ አነሣችና ሽማግሌ ጠራች።

ሽማግሌዎቹ፣ አያ በላቸውና ሁለቱ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰቡ። በዕድሜ ትልቁ አያ ትዕዛዙ ክሱን ሁለት ጊዜ አስደገሙ። «ወሰን ገፋብኝ የሚል ስንሰማ ሸበትን» አሉ፤ «መለሰብኝ የሚል ግን ገና ዛሬ ሰማን።»

አያ በላቸው መጀመሪያ ጎርፍ ወስዶት ይሆናል አለ። ዝናብ ገና አልጣለም። ቀጥሎ ከብት ገፍቶት ይሆናል አለ። ያን ድንጋይ ሁለት ወንድ ነው የሚያነሣው። ሽማግሌዎቹ መተያየት ሲጀምሩ አማረች ብድግ አለች። እጇን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግታ፣ እንደ ድሮው ስለ ባሏ ልትምል አፏን ከፈተች።

«ተይ አማረች፣ አትማይ» አላት አያ በላቸው። «ገፍቻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ገፍቻለሁ፤ የመለስሁትም እኔ ነኝ። የትነበርሽ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪኝ።»

የትነበርሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው አያ በላቸው፣ ይችን ቃል እስከ ዛሬ ከለከልኸኝ?» አለች። «ከመሬቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ውሸታም መባሌ ነው። ይሁን፣ እግዜር ይፍታህ።»

አማረች ወደ ባሏ አላየችም። ሄዳ ከየትነበርሽ ጉልበት ላይ ወደቀች፣ የትነበርሽም አነሣቻት፣ ሁለቱም ተላቀሱ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኑ። ሸክሙ ስለቀለለለት ወሬ አማረው፤ ለጰራቅሊጦስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፣ ነጭ ልብስ ይታጠብ አላት። አማረች ቆመች።

«እኔ ለጰራቅሊጦስ አልቆርብም» አለች። «የጊዮርጊስን ስም ጠርቼ በሐሰት ምያለሁ። ነገ መምሬ ዘንድ ሄጄ እናዘዛለሁ። በሃምሳው ስግደት የለም፤ ቀኖናዬን የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።»

እሷ ሳታውቅ የማለችው እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። አልሰማችውም። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጠየቃት።

«እኔ አሥር ዓመት ጠብቄሃለሁ» አለችው፤ «አንተም ጠብቀኝ።»

አያ በላቸው አሁን አዝመራም ጉልበትም አላነሣም። እሺ ብሎ ከኋላዋ ተከተላት።