ክላክሱን የተወው ሾፌር

የውሃ ቦቴውን ሾፌር ሰፈርተኛው «ጡሩምባ» ነው የሚለው። የእርዳታ ድርጅቱ ሲቀጥረው መሣሪያ የያዘ ሰው እንዳይጭን ብቻ ነው ያስጠነቀቁት። ክላክስ አስጩህ ያለው ሰው የለም፣ ራሱ ያመጣው ነው። ሴቶቹ ተኩስ ባለበት አገር ደጅ ተገትረው እንዳይጠብቁት ብሎ፣ ድልድዩን ሲሻገር ረዘም አድርጎ ያስጮኸዋል። እነሱም ጄሪካናቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ፣ «ዛሬም ሙሽራ ይዘህ መጣህ?» እያሉ ያሾፉበታል።

ለካ ኮረብታው ላይ መድፍ የጠመዱትም ጆሮ አላቸው። አንድ ጠዋት ክላክሱን አስጮኸ፣ ሰዉ ወጥቶ ተሰለፈ። እሱ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ሲፈታ የመድፉ ጥይት ሰልፉ መሀል አረፈ። ቦቴውን አልነካውም። ሰልፉ ውስጥ የነበረችው የታላቅ እህቱ የመጀመሪያ ልጅ እዛው ቀረች።

ድርጅቱ ወደ ሰፈሩ መኪና መላክ አቆመ። ሾፌሩ መጀመሪያ ደስ አለው፣ እውነቱን ለመናገር። ምን ፊት ይዞ ይሄዳል? ግን እህቱ ሌላ ሁለት ልጆች አሏት፣ ሰፈሩ ያለው አንድ የውሃ ጉድጓድ ደግሞ ሬሳ ገብቶበታል። አለቃውን ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ በስንት መከራ አስፈቀደ፤ ሰው ሳይሰበስብ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በየቤቱ ሊያደርስ።

መኪናውን ከግንብ ጀርባ ደብቆ ጄሪካን በትከሻው ያመላልስ ጀመር። በር ገርበብ ይላል፣ እጅ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። የሚያሾፍ የለም። መጨረሻ ላይ እህቱ ቤት ደርሶ ቀስ ብሎ አንኳኳ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ውሃ አምጥቻለሁ።»

ልጆቹ ውስጥ ሲያስሉ ይሰማዋል።

«አውቄሃለሁ» አለች ከውስጥ። «መኪናህ የት ነው?»

ራቅ አድርጎ እንዳቆመው ነገራት።

«አስቀምጠውና ሂድ። አንተ ደጄ ላይ ቆመህ እኔ አልወጣም።»

ይቅር በይኝ ሊላት ነበር፣ ተወው፤ ጄሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ግንቡ ጋ ሆኖ ትወጣ እንደሆነ ቢያይ፣ በሩ ንቅንቅ አላለም። እዛ እስከቆመ ድረስ እሷ አትወጣም፣ ልጆቹም በጥም መዋላቸው ነው። ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

አሁንም ይመላለሳል። ፊቷን እስከዛሬ አላየውም። ባዶ ጄሪካን ደጃፉ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱን ያነሳል፣ ሙሉውን ይተካል፣ ቶሎ ብሎ ይሄድላታል።