በኖራ የተሸፈነው መፈክር

በ1978 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ጦርነት የሚጠላ ሰው ማየት የፈለገ ቀበሌ አዳራሽ ይግባ ነበር። ግድግዳው ከወዳጅ አገር በመጡ ፖስተሮች ተለብጧል፤ ቦምብ የሚሰብር ክንድ፣ ልጇን ያቀፈች እናት፣ ነጭ ርግብ። ከፖስተሮቹ ሥር ደግሞ ለውትድርና የታፈሱ ልጆች ሲሚንቶ ላይ ተኮልኩለው ባቡር ይጠብቃሉ። ካድሬዎቹ በዚህ መሀል ሲመላለሱ አንድም ቀን አላፈሩም። እፍረት ከየት ይምጣ?

ከታፈሱት አንዱ የታፔላ ጻፊው የፋራህ ልጅ ዓዋሌ ነበር። ፋራህ ፊደል የለየው የሱቅ ታፔላ ሲገለብጥ ነው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሥራው መፈክር ብቻ ሆነ።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ አለምብርሃን አስጠራውና ርግቧን አሳየው።

"ለሰላም ሰልፉ ይህችን አሳድገህ ሣላት። ካማረች ልጅህን እለቅልሃለሁ።"

"አቡጀዲ የታለ?"

"አሮጌው አለ አይደል? ለርግብ አዲስ ጨርቅ ይገዛላታል እንዴ?"

ቀበሌው ያለው አንድ ረጅም ጨርቅ ነው። መፈክር በተለወጠ ቁጥር ፋራህ አሮጌውን በኖራ ይሸፍንና በላዩ አዲሱን ይጽፋል። ፊደል በፊደል ላይ ስለሚወድቅ የሥሩ ታይቶ አያውቅም። አሁንም እንደለመደው ኖራውን ቀባ፤ ጨርቁን በክር አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ርግቧን እየለካ አሳደጋት። የልጁ ነገር በዚያች ወፍ ላይ ስለተንጠለጠለ መስመሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይለካ ነበር። ሆዷ ግን ባዶ ኖራ መሆኑን፣ የሥሩን መፈክር የሚሸፍን ሌላ ፊደል እንደሌለበት ልብ አላለም።

የሰልፉ ዕለት ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ሰቀሏት። ካድሬው በአለቆቹ ፊት ስለ ኢምፔሪያሊስቶች ጦር ናፋቂነት ሲደነፋ ነፋሱ ጨርቁን ያርገበግበዋል፣ በፀሐይ የደረቀው ኖራ ይፈረፈራል። በርግቧ ሆድ ላይ ቀይ ፊደል ወጣ፦ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር"። ሰልፈኛው አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ብቻ በሳቅ ይርገፈገፋል።

ጓድ አለምብርሃን ፋራህን ክንዱን ይዞ ከድልድዩ ሥር አወረደው።

"አሻጥር ነው ይሄ። አውርደው።"

"ወደ ግንባር የሚለውን ነው የማወርደው? አለቆችህ እያዩ?"

ካድሬው ወደ አለቆቹ ገልመጥ አለ። "እንግዲያው ሸፍነው።"

"ሰላሙን ልሸፍን?"

የሰው ልጅ ሲያፍስ ቅንድቡ የማይነቃነቀው ሰውዬ አሁን ላብ በላብ ሆነ። "አቦ ዝም በል" አለ በሹክሹክታ። "ጨርቁን እኔ እንደሰጠሁህ ለማንም አትንገር።"

"ልጄን ስጠኝ፣ አልናገርም።"

ያን ዕለት ዓዋሌ ቤቱ ገባ። ባቡሩ ግን የተባለውን ያህል ሰው ሳይጭን አይሄድም። የዓዋሌን ቦታ የጎረቤታቸው የዛምዛም ልጅ ሙመድ ሞላው። ስኳር ሊገዛ ወጥቶ ነው የያዙት። ፋራህ ሲደራደር የልጁ ቦታ ባዶ እንደማይቀር አላሰበም። አለማሰብ ደግሞ ለካድሬ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

በነጋታው ዛምዛም እንደወትሮዋ በሯ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። "ና ቅመስ አቦ" ሳትለው አሳልፋው የማታውቅ ሴት ናት። ፋራህ ከፊቷ ቆመ።

"ዛምዛም፣ ስለ ሙመድ..."

ዘይቱ ውስጥ ያለውን ገለበጠች። ቀና አላለችም።

"ስንት ልጠቅልልልህ?" አለች። "ከኋላህ ሰው እየጠበቀ ነው።"